ያረጀ ፒካፕ ዳገት ላይ ሲደክም፦ ከፖምፓ በፊት ምን ይፈተሽ?

ጋራዥ ገብታችሁ «መኪናዬ ጉልበት አጣ» ካላችሁ ከሦስት መልሶች አንዱን መስማታችሁ አይቀርም። «ፖምፓው ነው» (ናፍጣውን በግፊት የሚልከው)፣ «ኖዝሉ ነው» (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው)፣ ወይም «ሞተሩ መውረድ አለበት»። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱም ግን ኪስ ያራቁታሉ። ከእነሱ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች ደግሞ ወይ በነጻ ናቸው፣ ወይ ከአንድ ፊልትሮ ዋጋ ብዙም አይዘሉም። ስለዚህ ከጥገናው በፊት ፍተሻውን እንምረጥ።

የማወራው በዋናነት ስለ ድሮው የናፍጣ ሃይሉክስ ነው። 2ኤል (2446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2779 ሲሲ) ወይም 5ኤል (2986 ሲሲ) ሞተር ያላቸውን ማለቴ ነው። እህሉንም ሲሚንቶውንም ሰውንም ሲጭኑ የኖሩ መኪኖች ናቸው። አብዛኞቹ ቱርቦ የላቸውም፣ ኮምፒውተርም የላቸውም። ይህ ለባለቤቱ ይጠቅማል፤ ብዙው ችግር በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ይያዛል። የሌላ ፋብሪካ የድሮ ናፍጣ ፒካፕ ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል። ቪጎ (ከእነዚህ በኋላ የመጣው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሃይሉክስ) ለብቻው ነው፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ጉልበቱ የጠፋው ከሞተሩ ነው ወይ?

ባለ 3ኤል ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 90 የፈረስ ጉልበት አካባቢ አለው። ይሄ ግን የባህር ዳርቻ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከ20 እስከ 25 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። አዲስ ሆኖም ቢመጣ ያጣል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ መኪናችሁን ከራሱ ጋር አወዳድሩት። አምና በሦስተኛ ማርሽ የወጣውን ዳገት፣ ያንኑ ያህል ጭኖ ዘንድሮ በሁለተኛ የሚወጣ ከሆነ ችግር አለ። የጎረቤት ቪጎ ጥሎት ስለሄደ ብቻ ግን ችግር አለ አይባልም።

ቀጥሎ ፍሪሲዮን፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው። ዳገት ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ሆናችሁ ነዳጁን ጥርቅም አድርጋችሁ ርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ እየወጣ መኪናው ግን ካልፈጠነ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ፖምፓ ማስፈታት ገንዘብ መጣል ነው።

ፍሬንም አለ። የተወሰነ ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳታበዙ ንዱና ቁሙ። እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ ጠጋ አድርጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል።

የነዳጅ ፔዳሉን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞተሩን አጥፉ፣ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ። እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ፖምፓው ላይ ያለችውን ክንድ ተመልከቱ። ሄዳ ማቆሚያ ብሎኗን መንካት አለባት። ካልነካች ሽቦው ረግቧል፣ ወይም ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ እየወረደ አይደለም። አንዳንዴ ጥፋተኛው በላይ በላዩ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው። ቀልድ አይደለም።

ጭሱን እዩ

እነዚህ ካለፉ በኋላ መንገዱ የሚከፈለው በጭስ ነው። ሰው ከኋላ በሌላ መኪና ይከተላችሁ፤ ወይም ዳገት ላይ ወርዶ ይመልከት። ቆሞ ሞተር ማስጮህ ብዙ አያሳይም። መኪናው ተጭኖ ሲጎትት ነው እውነቱ የሚታየው።

ጉልበት የለም፣ ጭስም የለም ከሆነ ሞተሩ ናፍጣ እየደረሰው አይደለም። ጥቁር ጭስ ካለ ናፍጣው አለ፣ አየሩ ግን አልበቃውም፤ ወይም ናፍጣው በደንብ አልተረጨም። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ዓይን የሚያቃጥልና የናፍጣ ሽታ ያለው ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም፣ የራዲያተር ውኃም አብሮ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ማተሚያ) ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ጠርጥሩ።

ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ መለያ «ጭስ የለም» እና «ጥቁር ጭስ አለ» የሚለው ነው። ሁለቱ መንገዶች አይገናኙም። ጭስ የሌለው መኪና ላይ የአየር ፊልትሮ መቀየር ለውጥ አያመጣም። ጥቁር የሚያጨስ መኪና ላይም የናፍጣ ፊልትሮ መቀየር እንዲሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሮ «እስቲ እንየው» ማለት የተለመደ ነው። ፊልትሮ ስለሆነ አይከፋም። ግን መኪናው ቢሻለው እንኳ የትኛው እንደነበር አታውቁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ደጋ ላይ ድፍን ተረግጦ ትንሽ ጥቁር ማጨስ የድሮ ናፍጣ ልማድ ነው። አየሩ ቀንሶ ናፍጣው ስላልቀነሰ ነው። አንዳንድ መካኒክ ጉልበት ሲጠየቅ የፖምፓዋን የናፍጣ መጠን ብሎን ጠምዘዝ ያደርጋታል። ለጊዜው የተሻለ ይመስላል። አየር በሌለበት የተጨመረ ናፍጣ ግን ወደ ጭስና ወደ ሙቀት ነው የሚሄደው። የእነዚህ ሞተሮች ቴስታታ ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ በቫልቮች መካከል ይሰነጠቃል። «ትንሽ ልክፈትልህ» ለሚል ሰው መልሱ «አይ፣ ተወው» ነው።

ጭስ ከሌለ፦ ከታንክ እስከ ፖምፓ

እዚህ ጋር ብዙ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው በከንቱ ፖምፓ የሚያስፈታው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮ። መቼ እንደተቀየረ ካላስታወሳችሁ ቀይሩት። ከሥሩ ባለችው መክፈቻ ውኃውን አፍስሱ። ናፍጣ በጀሪካንና በበርሜል እየተገለበጠ በሚሸጥበት ሰሞን ውኃና ቆሻሻ አብሮ መምጣቱ ያለ ነው።

ከዚያ የታንክ ክዳን። መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም ቁሙና ክዳኑን ፈታ አድርጉ። «ሽሽሽ» ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ክዳኑን ሳታጠብቁ ትንሽ ንዱና ለውጡን እዩ።

የማልረሳው አንድ ሃይሉክስ አለ። ጤፍ ጭኖ ይነሳል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ከዚያ እየሰለለ እየሰለለ ይቆማል። አሥር ደቂቃ አርፎ ሲነሳ ደግሞ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ፖምፓው ተፈቶ ተሠራ፣ ኖዝሎቹም ተቀየሩ፣ ያው ሆነ። በመጨረሻ ታንኩ ሲወርድ የናፍጣ መምጠጫዋ ወንፊት ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎ ተገኘ። ሞተሩ ሲስብ ይለጠፋል፣ ሲጠፋ ይላቀቃል። አርፎ የሚሻለው ድካም ካያችሁ ከፖምፓው በፊት ታንኩን አስቡ።

ይህንን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚለይ ፍተሻ አለ። ንጹህ ናፍጣ ያለበት ትንሽ ጀሪካን አዘጋጁ። ከታንክ የሚመጣውን ቱቦ ፊልትሮው ጋ ንቀሉና በምትኩ ከጀሪካኑ የሚመጣ ቱቦ አስገቡ። የፖምፓውን መመለሻ ቱቦም ወደ ጀሪካኑ አዙሩት። ጀሪካኑ በደንብ ይታሰር፣ ከጭስ ቱቦ ይራቅ፣ መንገዱም አጭር ይሁን። መኪናው ጉልበቱ ከተመለሰ ጥፋቱ ከፊልትሮው ወዲያ፣ ታንክና ቱቦ ላይ ነው። ካልተመለሰ ፊልትሮው ራሱ፣ ወይም ከእሱ ወዲህ ያለው ነው። ይህን ሳያደርግ ፖምፓ የሚፈታ ጋራዥ ቢቀርባችሁ ይሻላል።

ለአየር ደግሞ የምታሳይ ቱቦ። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የምትገባውን ቱቦ ለጊዜው ውስጧን በምታሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ተኩ። ሞተሩን አስነሱ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ያልፋል፣ ከዚያ ናፍጣው ጠርቶ ይሄዳል። ይህ ጤና ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላም እንደ ዶቃ የተደረደረ አረፋ ካላቆመ፣ ከኋላ የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ናፍጣ የማያፈስ ቀዳዳ አየር ሊያስገባ ይችላል፤ ፖምፓው እየሳበ ነውና። ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ወይም ፊልትሮው አናት ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕ ናት።

ጥቁር ጭስ ካለ፦ አየር ወይስ ኖዝል

የአየር ፊልትሮውን አውጡና ከውስጥ በኩል አምፖል ያዙበት። ብርሃን ካላሳለፈ አበቃ። በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቻላል፤ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወደ ወረቀቱ ይጠልቃል። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ ወረቀቱን ያበላሸዋል። አየር የሚገባበትንም አፍ ተመልከቱ። ፌስታል፣ ቅጠል፣ የአይጥ ጎጆ ሁሉ ሊኖር ይችላል። ላስቲኩ የሳሳ የአየር ቱቦም ሞተሩ ሲስብ ይጨፈለቃል፤ ቆሞ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል።

አየሩ ደህና ከሆነ ወደ ኖዝል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ከፖምፓ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ አንድ በአንድ ላላ፣ መልሶ ጠበቅ ማድረግ ነው። አንዱ ሲላላ ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር። ምንም ካልተለወጠ እሱ ነው ሰነፉ። ጨርቅ ያዙበት፣ እጃችሁን ግን አታስጠጉ። የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ የሚበሳ ግፊት አለው።

ሰነፉ ሲሊንደር ከተገኘ ኖዝሉን ከሌላው ጋር አቀያይሩ። ድክመቱ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ኖዝሉ ነው። እዚያው ከቀረ ቫልቭ ወይም ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ነው። ከኖዝል ማተሚያ መዳብ በቀር ወጪ የለውም።

ኖዝል ቤት ስትሄዱ ፍተሻውን ቆማችሁ እዩ። መሞከሪያው ላይ ታስሮ በእጅ ሲገፋ ጤነኛ ኖዝል «ጥርር» ብሎ ስስ ጉም ይረጫል፣ ጫፉም ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የሞተ ኖዝል ቀጥ ያለ ክር ያወጣል፣ ወይም ከጫፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ፖምፓ ወይስ ኖዝል?

ሁለቱም ከተጠረጠሩ እኔ ሁልጊዜ ኖዝልን አስቀድማለሁ። ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ያረጀ ኖዝል ባለበት የተሠራ ፖምፓም ውጤቱ አይታይም። የኖዝል ምልክት ማንኳኳት፣ ጥቁር ጭስና የአንድ ሲሊንደር መዛል ነው። የፖምፓ ምልክት ሌላ ነው። ያረጀ ፖምፓ ጠዋት ብርድ ላይ በደንብ ይነሳል፤ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ግን አልነሳም ይላል። ናፍጣው ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላው ብረት መካከልም ሾልኮ ይመለሳል። ሞቆ አልነሳ ሲል ፖምፓው ላይ ብቻ ቀዝቃዛ ውኃ በቀስታ አፍስሱ፤ ቴስታታውን አታስነኩ። ወዲያው ከተነሳ ፖምፓው አርጅቷል፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ፖምፓው የሚቀባው በራሱ በናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ደረቅ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይበላዋል። የናፍጣውን ምንጭ ሳትቀይሩ ፖምፓ ማሠራት ለሚቀጥለው ጥገና ቀጠሮ መያዝ ነው።

ፖምፓ ካሠራችሁ መሞከሪያ ማሽን ላይ ታስሮ መለካቱን አረጋግጡ። ጎማዎቹ ብቻ ተቀይረው የሚመለስ ፖምፓ ማፍሰሱን ያቆማል እንጂ ጉልበት አይመልስም። ሲገጠምም ናፍጣ የሚልክበት ጊዜ በመለኪያ ይስተካከል። በጆሮ የሚያስተካክሉ ጎበዞች አሉ፤ እኔ መለኪያውን ነው የማምነው። የኖዝል ጫፍ ስትገዙ ደግሞ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሁለት ኦርጅናል ከሁለት ኮፒ ጋር ከመቀላቀል አራት ደህና ኮፒ ይሻላል።

ሞተር ይውረድ ከተባለ

ከዚህ ውሳኔ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ የቫልቮቹንና የፖምፓውን ጊዜ የሚጠብቀው ቺንጋ። እነዚህ ሞተሮች ላይ የጊዜ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ድካሙ የጀመረው ቺንጋ ከተቀየረ ማግሥት ከሆነ አንድ ጥርስ ተዘሏል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሁለተኛ የቫልቭ ክፍተት። ክፍተቱ ያለቀ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያስመልጣል፣ ሞተሩን የሞተ ያስመስላል። ሦስተኛ ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ)። ውስጡ የወደቀ ወይም ድንጋይ መትቶ ያጨፈለቀው የጭስ ቱቦ ሞተሩን ያፍነዋል።

ከዚያ ኮምፕሬሽን ይለካ። የካንዴሌታ (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቀው) ቀዳዳ ላይ መለኪያ ገብቶ ነው። የድሮው የቶዮታ መመሪያ ለእነዚህ ሞተሮች ጤነኛውን 32 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ዝቅተኛውን 20፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደውን ልዩነት 5 ይላል። ግን እዚህም ከፍታው ይገባበታል። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር 24 ወይም 25 ቢያሳይ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ የሚገባው አየር ራሱ ያነሰ ነው። ይህን የማያስብ መካኒክ «32 መሆን ነበረበት» ብሎ ደህና ሞተር ሊያወርድ ይችላል። እዚህ አገር ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ተመልከቱ። አራቱም 23 ቢሆኑ መኪናው ገና ይሠራል። ሦስቱ 25 ሆነው አንዱ 16 ከሆነ እዚያ ሲሊንደር ላይ ችግር አለ።

ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮን ነው፤ ቴስታታው ብቻ ይወርዳል። ዘይት የሚሞላበት ክዳን ሲከፈት ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ ሰማያዊ ጭስ ካለ፣ ዘይትም ከበላ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ያኔ ነው ሞተሩ የሚወርደው።

አሁን ምርጫው ያለውን ማሠራት ወይስ ሌላ ያገለገለ ሞተር መግዛት ነው። ብሎኩ ካልተሰነጠቀና ታማኝ ሠሪ ካላችሁ እኔ ማሠራቱን እመርጣለሁ። የራሳችሁን ሞተር ታሪክ ታውቁታላችሁ። ያገለገለ ሞተር ፈጣን ነው፤ መኪናው ዳቦ የሚያበላ ከሆነና አንድ ወር መቆም ካልቻለ ይህ ራሱ ትልቅ ምክንያት ነው። ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመኪና ዕቃ ገበያ ስትገዙ ሲነሳ ሳታዩ፣ ቢያንስ ኮምፕሬሽኑ ሳይለካ አትክፈሉ። ወረቀቱንም ጠይቁ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሕጋዊ ሰነድ የሌለው ሞተር ገጥማችሁ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ምርመራ ላይ ወይም ሽያጭ ላይ ጣጣ ነው።

ቪጎ ከሆነ

እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ያሉት 2.5 እና 3.0 ሊትር ሞተሮች በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው። ከላይ ካልኩት ውስጥ የፍሪሲዮን፣ የፍሬን፣ የፊልትሮና የታንኩ ነገር ለእነሱም ይሠራል። ዳዶ ማላላቱ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር ያልፋል፤ እጅ ያስቆርጣል።

እዚህ ፍተሻው ኮምፒውተሩ በሚመዘግበው የስህተት ኮድ ይጀምራል። ፒ0087 ማለት በጋራ ቱቦው (ለኖዝሎቹ ሁሉ ናፍጣ በሚያከፋፍለው) ውስጥ ግፊቱ አነሰ ማለት ነው። ይህን ኮድ አይቶ በቀጥታ «ፖምፓ ቀይር» ማለት ያው የድሮው ስህተት ነው። የተደፈነ ፊልትሮም ይህን ኮድ ያመጣል፤ ፖምፓው ላይ ያለችው የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭም፣ የሚያፈሱ ኖዝሎችም። ከቱርቦ የሚነሱትን የጎማ ቱቦዎችም ዳብሱ፤ ዘይት የጠጣ ስንጥቅ ካለ አየሩ ወደ ውጭ እየተነፈሰ ነው።

ለኖዝሎቹ የመመለሻ ፍተሻ አሠሩ። ከእያንዳንዱ ኖዝል የሚመለሰው ናፍጣ በየራሱ ጠርሙስ ይጠራቀማል። አራቱም ጠርሙሶች ተቀራራቢ ከሆኑ ኖዝሎቹን ተዉና ወደ ቫልቯ ሂዱ። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ከሞላ የሚቀየረው የእሱ ኖዝል ነው። «አራቱንም እንቀይር» ከተባላችሁ ጠርሙሶቹን አሳዩኝ በሉ።